የሐሙስ ተራ አስከባሪ

ሁለት ሰው በቆመበት ሁሉ ሦስተኛው ተራ አስከባሪ ነው። ለቅሶ ቤት ሂዱ፣ ባንክ ግቡ፣ የቀበሌ ስብሰባ ተቀመጡ፤ ማንም ሳይሾመው ተነሥቶ "አንተ እዚያ፣ አንቺ እዚህ" የሚል ሰው አታጡም። እኔ ይህን ዓይነቱን ሰው ዕድሜ ልኬን ስሸሸው ኖሬ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ካሉት ሁሉ የቁንጮው እጅ ላይ ወደቅሁ።

ክቡር ወርሳሜ ይባላሉ። "ይባላሉ" ያልኩት ለወጉ ነው፤ ድሬ ላይ አንቱታ ስለማይሠራ ፊት ለፊት "አንተ ወርሳሜ" ነው የምንለው። ድሮ ወደ ዋሂል ከተማ የሚሄዱትን ሚኒባሶች ተራ ያስከብር ነበር። ሲታመም ሥራውን ተወ፤ ጠባዩ ግን እሱን አልተወውም።

ያገናኘን የሐሙሱ ቡድን ነው። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎችና እኛ አንዳንድ ቤተሰቦቻቸው፣ ከጤና ጣቢያው ጓሮ ባለች ክፍል ክብ ሠርተን እንነጋገራለን። ሰዓቱን ስምንት ያደረገችው ነርሷ ሐናን ናት። ከተማው ጫት ይዞ የሚቀመጠው ያኔ ነው፤ ጫት ደግሞ ሕመሙን ይቀሰቅሳል፤ እነዚህም ሰዎች የራሳቸው በርጫ ይኑራቸው ብላ ነው። ሻይ አለ፣ ለውዝ አለ፣ ጨዋታ አለ፤ የጎደለው ቅጠሉ ብቻ ነው።

በወረቀት መሪዋ ሐናን ናት። በተግባር ግን ወርሳሜ በሩ ላይ ቆሞ እንደ ሚኒባስ ይጭነናል። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ደንግጓል። ሱሀይራ የምትባል ልጅ ጎረቤቶቿ በግድግዳ በኩል እንደሚያሟት ስትናገር፣ ሌላው ታማሚ ሙመድ የእኔዎቹ ይብሳሉ ብሎ ቢገባባት፣ "ደርበህ አትግባ አቦ፤ የሷ መኪና ሳይወጣ ያንተ አይንቀሳቀስም" ብሎ አስቀመጠው። ሊጎበኙን የመጡ ሐኪም ንግግራቸው ሲረዝም ደግሞ "ዶክተር፣ እዚህ ጋ ውረድ" አላቸው። ሐኪሙም ወረዱ።

እኔ ወንድሜን ሰይፈ ሚካኤልን ይዤ ነው የምሄደው። ዓምና ለማንም ሳይነግር መድኃኒቱን አቁሞ፣ ድምፆቹ ሲበረቱበት ከቤት ወጣ። በአራተኛው ቀን ከከተማ ውጭ፣ ቢዮ አዋሌ መንገድ ላይ እግሩ ቆስሎ አገኘነው። ከዚያ ወዲህ የቤታችን ፍርሃት አንድ ነው፤ እንዳይደገም። ሰይፈ ቡድኑ ውስጥ ትንፍሽ አይልም። እኔ ደግሞ ወሬ የማልጠላ ሰው ነኝና ተራው ሲደርስ እመልስለታለሁ። በልቷል፣ ተኝቷል፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጣል እላለሁ።

በአራተኛው ሐሙስ ወርሳሜ አስቆመኝ።

"ማዘንጊያ፣ ውረድ። የተቀመጥከው በሱ ወንበር ነው።"

ተቀየምኩ። የባሰው ደግሞ ከዚያ የቀጠለው ነው። ወርሳሜ የሰይፈን ሦስት ደቂቃ ለማንም አልሰጠም። ሰዓቱን አይቶ ተራው የሰይፈ ነው ይላል፤ ሰይፈ ዝም ይላል፤ አሥራ አራት ሰው አብሮት ዝም ይላል። ለውዝ መቆርጠም እንኳ ክልክል ነው። ሲያልቅ፣ ትልቅ ንግግር እንደሰማ ሰው አመስግኖት ወደሚቀጥለው ያልፋል። ስድስት ሐሙስ እንዲህ ሆነ። ሐናንን ወደ ጎን ጠርቼ ይኼ ሰውዬ ወንድሜን እያሳቀቀው ነው ብላት፣ ሰይፈ ራሱ ቅር ካለው ይነግረናል አለችኝ።

በሰባተኛው፣ ሦስቱ ደቂቃ ሊያልቅ ሲል፣ ሰይፈ ያልነካውን ሻይ እያየ ተናገረ።

"መድኃኒቱን ካቆምኩ ዘጠኝ ቀኔ ነው። እጄን እያንቀጠቀጠኝ ብርጭቆ መያዝ ቢያቅተኝ ነው። ማዘንጊያ አሁንም ለሰው ሁሉ በሰዓቱ ይውጣል ይላል፤ ውሸታም እንዳላደርገው ብዬ ዝም አልኩ።"

ክው አልኩ። የተቆጣ ሰው ግን አልነበረም። ሙመድ እሱንም ያንቀጠቅጠው እንደነበር፣ ሲለወጥለት እንደተወው ነገረው፤ ወርሳሜም ደርቦ የገባን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሎ አሳለፈ። ሰይፈ አሥራ ሰባት ደቂቃ ተናገረ። ሐናን በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ አቀረበችው፤ መድኃኒቱ ተለወጠ። ይኸው ሁለት ወር ሆነው። ሻዩን ራሱ ቀድቶ ይጠጣል። እናታችን እንዴት ዋልክ ስትለው የሚመልሰው ራሱ ነው፤ እኔ ምላሴን ነክሼ እጠብቃለሁ።

ወርሳሜን ላመሰግነው ታይዋን ገበያ አጠገብ ጭማቂ ጋበዝኩት። እንደሚናገር በምን አወቅህ አልኩት።

"የት አውቄ" አለኝ። "የኔዎቹ ድምፆች በየሳምንቱ 'ይኼ ልጅ አይናገርም፣ ተወው፣ ሰው እየሳቀብህ ነው' ይሉኝ ነበር። ወላሂ፣ ከነሱ ጋ እልህ ተጋብቼ ነው።"

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በጸሎት እንዲያስቡልኝ ስሙን ለቄሱ ሰጠኋቸው። እሳቸውም የሙስሊሙን ሰውዬ የክርስትና ስም ጠየቁኝ።

"ወርሳሜ ብቻ ይበሉት አባ" አልኳቸው። "ሰማይ ቤት ያውቁታል።"