ቀለም በእትዬ የሺ ሳሎን

ሳሎኗን ለእንግዳ አሰናድታ፣ እንግዳ ሲመጣ ግን በረንዳ ላይ የምታስቀምጥ ሴት ከየሰፈሩ አትጠፋም። ለመርሳ ከተማ የደረሷት እትዬ የሺ ናቸው።

ክብርት ወይዘሮ የሺ፣ የመጥረጊያ እመቤት፣ ጠዋት ግቢያቸውን፣ ቀጥሎ የጎረቤትን ደጅ፣ ዝም ካሏቸው አስፋልቱን ይጠርጋሉ። “እግርህን ጥረግ” ሳይሉ “ደህና አደርክ” ማለት አይሆንላቸውም። የንስሐ አባታቸው ቤቱን ጸበል ሊረጩ ሲመጡ እንኳ “አባቴ፣ ወደ ግድግዳው ባይሆን” ብለዋቸዋል እየተባለ ይወራል።

ጦርነቱ ደርሶ ሰፈሩ ግራና ወደሚባለው ገጠር ሲሸሽ፣ እትዬ የሺ ከመንገድ ተመለሱ። ተከራያቸው ወንድሙ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ሮማንን ደግፎ እየሄደ፣ “ኧረ እትዬ፣ ምን ረሱ?” አላቸው።

“ቤቱን አልጠረግኩትም። የሚገባው ይግባ፤ የየሺን ቤት ቆሽሾ አገኘሁት ግን አይልም።”

እውነትም ጠርገው ደረሱባቸው።

ከወራት በኋላ ሲመለሱ ሳሎኑ ከእሳቸውም አብልጦ የሚጠርግ ገብቶበት ቆያቸው፤ ሶፋ የለ፣ ቴሌቪዥን የለ፣ መጋረጃ የለ። እትዬ የሺ አላለቀሱም። ባልዲ ፈለጉ።

ወንድሙ ታፔላ ጸሐፊ ነው። እሱም ሱቁን ተቃጥሎ አገኘው። ልብስ ሰፊው ጀብሪል ቤቱን ሊከፍት አዲስ ታፔላ ሲያዘው፣ ከስደት ወዲህ የመጣለት የመጀመሪያ ሥራ ነበር። ግን የት ይሥራው? ክፍሉ አንድ ናት፤ በስደት የተገላገለችው ሮማን ሕፃኑን ይዛ ተኝታባታለች። የቀለምና የቤንዚን ሽታ ለአራስ አይሆንም። እትዬ የሺን ሳሎን መለመን? አሰበውና በራሱ ሳቀ።

ግቢው ውስጥ ላሜራውን ዘርግቶ ጀመረ። ነፋሱ አቧራውን እያነሳ እርጥቡ ቀለም ላይ ለጠፈበት። ጠርጎ እንደገና ጻፈ፤ እንደገና ለጠፈበት። ብሩሹን ጥሎ ቁጭ አለ።

“ምን ሆነህ ነው?” አሉት እትዬ የሺ።

“አቧራው ፊደሉን በላብኝ።”

“ያ ሳሎን ምን አለህ?”

የሰማው ልክ አልመሰለውም። “ቀለም እኮ ነው እትዬ። ይንጠባጠባል።”

“ዓይን አለኝ።” መጥረጊያቸውን ተደገፉ። “ባዶ ቤት ጠርገህ ታውቃለህ? ጠዋት እጠርገዋለሁ፤ ማታም እንደጠረግኩት ነው። የሚያቆሽሽልኝ ሰው አጣሁ።”

ከዚያማ አዛዡ እሳቸው ሆኑ። የማዳበሪያ ከረጢት ተቀዶ ተሰፋና ወለሉ ላይ ተነጠፈ። ግድግዳው ላስቲክ ለበሰ። ላሜራው ሁለት ብሎኬት ላይ ቆመ፤ ለሽታው መስኮቱ ተከፈተ። “የቀለም ጫማህ ከዚህ በር እንዳያልፍ” የሚል ሕግም ወጣ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ “ጀብሪል ልብስ ስፌት” በሰማያዊ ደምቆ ወጣ። ወንድሙ ራቅ ብሎ አየው። ከጎን ክፍል የልጁ ድምፅ ይሰማል። እጁ ዳግም እንጀራ ልትቆርስ ነው።

“እትዬ፣ እግዜር ያክብርልኝ። እኔ ምን ብዬ...”

“ቆመህ አትመርቀኝ። ብሩሽህ ይንጠባጠባል።”

አንዲት ሰማያዊ ጠብታ ከማዳበሪያው አልፋ ሲሚንቶው ላይ አርፋለች። ወንድሙ ደንግጦ ጨርቅ ሊያነሳ ሲያጎነብስ፣ እትዬ የሺ ክንዱን ያዙት።

“ተዋት” አሉት። “ነገ ጠዋት ሥራ እንዳታስፈታኝ።”