አማቴ ያሟሹት ጃዝ

እኔ የምለው፣ አማርኛችን ቃል አጥሮት ነው ወይስ ሲቀልድብን፣ ወጥ የሚሠራበትንም ዘፈን የሚሰማበትንም እኩል «ሸክላ» ያለው? አንዱን ምድጃ ላይ ትጥዱታላችሁ። ሌላውን መርፌ ሥር ታሽከረክሩታላችሁ። ሁለቱም ከወደቁ ያው ስብርባሪ ናቸው። ይቺው አንዲት ቃል ዘንድሮ ደባርቅ ላይ ጃዝን ከቤቴ ልታስባርርብኝ ምንም አልቀራት።

ሥራዬ ቱሪስት ይዞ ተራራ መውጣት ነው፤ አስጎብኚ ነኝ። ጃዝም የተጣባኝ እዚያው ተራራ ላይ ነው። አምባራስ የሚባለው ማደሪያችን ላይ ዝናብ ድንኳን ውስጥ ዘግቶብን ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካብኝ። መለከት ነበር። መጀመሪያ ምን እንደመሰለኝ ልንገራችሁ? ጭላዳ ዝንጀሮ! ጠዋት ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ አላያችሁም? አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው ገብቶ ነገሩን ያበላሽበታል። ከዚያ ሁሉም ይንጫጫሉ። ሊጣሉ ነው ስትሉ ቅማል መለቃቀም ይጀምራሉ። ጃዝ ማለት እሱ ነው። ሌላ ትርጉም አለኝ የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ታዲያ ከጎንደር አንድ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ ገዝቼ ሳሎኔ ላይ አነገሥኩት። ግን ምን ያደርጋል? አብሮኝ እስከ መጨረሻው የሚሰማ አንድ ሰው ጠፋ። ጓደኛዬ ደሴ፣ ባለባጃጁ፣ «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» ይለኛል። ዘፋኝ የለውም ስለው፣ ታዲያ ምን ያስጠብቀኛል ብሎ ውልቅ። ባለቤቴ ትዕግሥት እንኳን ጃዝ ላይ ስትደርስ ስሟን ትረሳዋለች። ይሄ ሰውዬ በሬ ጠፍቶበት ነው እንዴ እንዲህ የሚጣራው ትላለች።

እኔም መስበኬን አልተውኩም። እነዚህ የድሮ አልበሞች ከአባቶቻችን ጋር እኩል ያረጁ ናቸው፣ ዓለም ግን ዛሬም ከእነሱ ይቀዳል አልኩ። የኛዎቹ ነፊዎችም እነሱን እየሰሙ አድገው፣ ከአንቺሆዬና ከባቲ ጋር አጋብተው ነው ፈረንጅን ጉድ ያሰኘውን ሙዚቃ የወለዱት አልኩ። ማን ይስማኝ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ። የኔ እንቁላል ግን ጭራሽ እግርም ያለው አይመስልም።

በመጨረሻ ትዕግሥት ፈረደች። አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ፣ ለዓመታት ስመኘው የኖርኩትን አንድ አልበም አግኝቶልኝ ነበር። (ስሙን አልነግራችሁም፤ ሄዳችሁ ትሻሙብኛላችሁ።) እሱን እሑድ ለሰው ላሰማ። ከወደዱት ማጫወቻው ሳሎን ይኖራል። ካልወደዱት ጓዳ ይገባል፣ በቦታው ቡፌ ይቆማል። ቡፌው አስቀድሞ ተመርጧል፤ ቀለሙ ሳይቀር።

እኔ ተራራ ላይ ሳለሁ ሸክላው በአውቶቡስ መጣ። ወዳጄ ለረዳቱ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ሸክላ ነው፣ እንዳይሰበር።» ረዳቱ ለደሴ ያንኑ አለው። ደሴም ሰው ጭኖ ስለነበር ከባጃጁ እንኳን ሳይወርድ፣ በር ላይ ላገኛቸው ለአማቴ ያንኑ ብሎ አቀበላቸው።

አማቴ እማማ የሻረግ፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከጃናሞራ የመጡ፣ እጃቸው ሥራ ሲያጣ የሚያማቸው ደግ ሴት ናቸው። ካርቶኑን ፈቱት። ጥቁር ነው፣ ክብ ነው፣ ያብረቀርቃል። የቂጣ ምጣድ! ማስረጃም አላቸው። ሽፋኑ ላይ አንድ ሰውዬ ጉንጩን ወጥሮ በቧንቧ ይነፋል። እሳት እፍ እያለ ነዋ! ሌላ ምን ያደርጋል?

ያልተሟሸ ምጣድ ደግሞ ቂጣ ይይዛል። ስለዚህ ፀሐይ ላይ አውጥተው አሞቁት። ጎመን ዘር ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በማሰሻ ግራና ቀኙን ወዙ እስኪገባ አሹት። እሳት ላይ ያልጣዱት መሃሉ ቀዳዳ መሆኑን ስላዩ ብቻ ነው። ልጄን ሻጩ አታሎታል፣ ግን እንዳይከፋው ብለው መልሰው ሽፋኑ ውስጥ ከተቱት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ተሰበሰበ። ንግግሬን አደረግኩ። ሸክላውን ከሽፋኑ ሳወጣ የሆነ ነገር ሸተተኝ። ምንድነው የሚሸተው አልኩ።

«ጎመን ዘር ነው ልጄ፤ አሟሸሁልህ» አሉ እማማ የሻረግ ፈገግ ብለው። «ቀዳዳውን ግን አንተው አንድ በለው።»

ትዕግሥት አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ማልቀስ አማረኝ። ግን አማት ላይ ይጮኻል? ሸክላውን ወደ ብርሃን ቀና አድርጌ ባየው ጠርዙ እንደ ቂጣ ቆልመም ብሏል። ቡፌው በሳሎኔ በር ሲገባ ታየኝ።

የመጣው ይምጣ ብዬ አስቀመጥኩት። መለከቱ ጀመረ። ማርያምን፣ ያምራል! ቀስ እያለ ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ሸክላው ዘለለ። ካልጠገቡ አይዘሉ ይላል ያገሬ ሰው፤ ያን ሁሉ ጎመን ዘር ጠግቦ እንዴት አይዝለል? ወደ ኋላ ተመልሶ ያንኑ ሐረግ ደገመው። ዘለለ። ደግሞ መለሰው። መርፌውን ላነሳ ስንደረደር እማማ የሻረግ እጄን ያዙኝ።

«ተወው እንጂ! ገና አሁን ያዘው'ኮ። ደብተራዎቹስ ሲወርቡ እየመለሱ እየደጋገሙ አይደል የሚያሞቁት?»

ብለው ማጨብጨብ ጀመሩ። ደሴ መጀመሪያ አንገቱን፣ ቀጥሎ ትከሻውን ሰጠ። ይሄማ ዘፋኝም አያስፈልገው እያለ ተነሳ። ትዕግሥት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት፣ እየሳቀች እስክስታ ወረደች። መብራት ባይጠፋ ኖሮ ዛሬም እዚያችው ሐረግ ላይ ነበርን። ማጫወቻው ሳሎን ቀረ።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ። ደሴ ያቺን ሐረግ እያፏጨ ደባርቅን አዳረሳት። ባለፈው ዳባት ሰርግ ተጠርተን ስንሄድ፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ሲገዘግዝ ምን ብሰማ ጥሩ ነው? የኔን መለከት! ለዚያውም በምትዘልበት ቦታ እየዘለለ። ከየት አመጣሃት ብዬ ስጠይቀው፣ ኮራ ብሎ፣ የአባቶቻችን ናት አለኝ። ደስታ አናቴ ላይ ወጣ። እኔ ስለ ጃዝ ዘመን ተሻጋሪነት ያን ያህል ሰብኬ ያልሆነልኝን፣ አንድ እፍኝ ጎመን ዘር ሠራችው።

አዲስ አበባ ያለው ወዳጄ ይህን ሲሰማ በጣም አዘነልኝ፤ ያንኑ አልበም ጭረት የሌለው አድርጎ በድጋሚ ላከልኝ። ሰው ጠራሁ። አሁን ትክክለኛውን ስሙ አልኩ። መለከቱ ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፉ ላይ ደረሰና ሳይዘል፣ ለስልሶ፣ ወደ ታች ወረደ። ደሴ ሊያጨበጭብ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። እኔም፣ አትፍረዱብኝ፣ ዝላዩን እየጠበቅኩ ነበር።

እማማ የሻረግ ጎንበስ ብለው ሸክላውን በደንብ አዩት።

«ይሄኛውማ ገና አልተሟሸም» አሉና ጎመን ዘራቸውን ሊያመጡ ወደ ጓዳ ገቡ።

አልከለከልኳቸውም።