ሻምበል ለገሰ ባዶ ገጽ አይወዱም

የጽሕፈትና የኅትመት ሥራ ጀምሮ ከሻምበል ለገሰ ጋር ያልተገናኘ ሰው የለም። ስማቸው ሜጋ ከተማ ላይ ሌላ፣ ዶሎ ኦዶ ላይ ደግሞ ሌላ ይሆን ይሆናል፤ ሰውየው ግን ያው ናቸው። ወንበር ስበው ከሠራተኛው ጀርባ ይቀመጣሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅላሉ፣ ከዚያም ኮምፒውተር ከተፈጠረ ጀምሮ ማንም አስቦት የማያውቀውን መፍትሔ ያቀርባሉ።

ነገሌ ላይ የደረሱት ለኑኃሚን ነው። ኑኃሚን ከጦር ካምፑ ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ይዛ ማመልከቻ የምትጽፍ፣ የሠርግ መጥሪያ የምታትም የወታደር ልጅ ናት። ክቡር ሻምበል ለገሰ ደግሞ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሠፈሩ እድር ሰብሳቢ ናቸው፤ ጦር ያዙበት በነበረው ድምፅ አሁን ድስትና ድንኳን ያዙበታል። የእድሩ አዲስ መተዳደሪያ ደንብ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአባላቱ ሊታደል ነበርና፣ ረቡዕ ጠዋት ረቂቁን በብብታቸው ይዘው ገቡ። ቀላል ሥራ ነው፣ አንድ ሰዓትም አይፈጅም አሉ። ኑኃሚን ይህን ቃል በሰማች ቁጥር ወገቧን ያማታል።

ጽሑፉ ኮምፒውተር ላይ ተለቅሞ ሲያልቅ አሥራ ስምንት ገጽ ሆነ። አንድ ወረቀት መሐል ለመሐል ሲታጠፍ አራት ገጽ ይወጣዋል፤ ስለዚህ መጽሐፉ ሃያ ገጽ ይሆንና መጨረሻው ላይ ሁለቱ ባዷቸውን ይቀራሉ። ሻምበል ባዶዎቹን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

"ልጄ፣ ባዶ ገጽ ጠባቂ የሌለው ምሽግ ነው" አሉ።

እዚያው ቁጭ ብለው "የሰብሳቢው መልእክት" የሚል ጻፉ። መልእክቱ ሦስት ገጽ ሆነ። ሃያ አንድ ገጽ ደግሞ ሃያ አራትን ይጠራል፤ ሁለት የነበሩት ባዶ ገጾች ሦስት ሆኑ። ኑኃሚን ወረቀት አጥፋ፣ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት እያለች ቆጥራ አስረዳቻቸው። እሳቸውም አጥፈው ቆጠሩ። ሒሳቡ ልክ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ፣ ይህ የፕሮግራሙ ግትርነት ስለሆነ ጠንከር ብላ እንድታዘው መከሯት።

ሐሙስ ለማሟያ የእድሩን ዕቃ ዝርዝር ይዘው መጡ። ድንኳን፣ ብረት ድስት፣ አግዳሚ፣ ጭልፋ፣ እጀታው የወለቀ ጭልፋ። ዝርዝሩ ከሦስቱ ገጽ አልፎ አራተኛው ላይ ሁለት መስመር አፈሰሰ። ሃያ አምስት! ፊደሉን ብታሳንሰው የሽማግሌ ዓይን አያነበውም አሉ፤ ጠርዙን ብታጠበው ፕሪንተሩ የቃላቱን ጫፍ በላው። በመጨረሻ፣ እሳቸው ውኃ ሊጠጡ ሲወጡ፣ ኑኃሚን መልእክታቸው ውስጥ "በመጨረሻም" የሚሉ ሦስት አንቀጾች አገኘችና አንዱን ብቻ አስቀረች። ልክ ሃያ አራት ሆነ። ተመልሰው ሲያነቡት፣ የቁም ነገር ጽሑፍ እንዲህ ነው ብለው ተደሰቱ።

ዓርብ ኅትመቱ ተጀመረ። የወረቀቱ ፊት ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ጀርባው ግን ራሱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ። ሻምበል ወረቀቱን እያገላበጡ ብዙ አሰቡ።

"ወረቀቱ ከደጋ የመጣ ነው። ሙቀቱ አዙሮታል።"

እስቲ ጥላ ውስጥ ይረፍ ተባለና አረፈ። ከዚያ ደግሞ ፕሪንተሩ ራሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይሞከር አሉ። ኑኃሚን ከመከራከር ማዞር ይቀላል ብላ አዞረችው። ይሄኔ ከጎኗ ሞባይል የሚጠግነው፣ ጎዳና የሚባለው ጎረቤቷ ብቅ አለ። "አካም፣ ናጋ?" ብሎ የኦሮምኛ ሰላምታውን ሳይጨርስ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረውን ፕሪንተር አየና፣ ምን አጥፍቶ ነው የተቀጣው ብሎ ጠየቀ። ኑኃሚን በዚያ ሳምንት የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው።

ጎዳና ሄዶ ሻምበልም በር ላይ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ወሬ ሲይዙ፣ ኑኃሚን የፕሮግራሙን የኅትመት ማዘዣዎች አንድ በአንድ ከፈተች። ወረቀቱ በየትኛው ጠርዝ ይገልበጥ የሚል ምርጫ አለ፤ በረጅሙ ተብሎ ተቀምጧል። በአጭሩ አደረገችው። ቀጣዩ ወረቀት ፊቱም ጀርባውም ቀጥ ብሎ ወጣ። ሻምበል አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አየሽ? ማረፉ ጠቀመው።"

ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያውን መጽሐፍ በእጇ አጠፈች። ስድስት ወረቀት አንዱ በአንዱ ሆድ ይገባል። ዓይኗ ግን ለሦስት ቀን ኮምፒውተሩ ላይ ተተክሎ ደክሞ ነበርና፣ መሐል ላይ የሚገቡትን ሁለት ወረቀቶች አቀያየረቻቸው። አላስተዋለችም። በር ላይ ሻይ ለሚሸጡት ለእትዬ ማሚቴ፣ የመጀመሪያው የእርስዎ ይሁን ብላ በደስታ ሰጠቻቸው። እትዬ ማሚቴ ሃምሳ አለቃ የነበሩት ባለቤታቸው ከሞቱ ዓመት አልሞላቸውም፤ የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ የሚይዙትም እሳቸው ናቸው።

ረፋዱ ላይ፣ ሻምበል እንደ ልማዳቸው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሳሉ፣ እትዬ ማሚቴ ገቡ። ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"ስሜ ከተሰረዘ ቁልፉ በአባል እጅ ይሁን ብዬ ነው። የምለምናችሁ ስሞት እንድትቀብሩኝ ብቻ ነው።"

ኑኃሚን መጽሐፉን ከእጃቸው ተቀበለች። ስምንተኛው ገጽ "አባሉ በሞት ሲለይ የሚስቱ" ብሎ ያልቃል። ዘጠነኛው መቀጠል በነበረበት ቦታ አሥራ አንደኛው ተቀምጦ፣ "ስም ከመዝገብ ይሰረዛል" ይላል። ይህ ሦስት ጊዜ ያለ ምክንያት ከቀብር ስለሚቀር አባል የተጻፈ ነበር። በዚያች ሴት ላይ የፈረደው የኑኃሚን የገዛ ጣቷ ነው።

አፏን ልትከፍት ስትል ሻምበል ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ወይዘሮ ማሚቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ካላጠፍኩ ብዬ ወረቀቱን ያደባለቅኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።"

በአራት ቀን ውስጥ አንዲት ስሕተት እንኳ የእኔ ናት ብለው አያውቁም፤ ወረቀቱን ደግሞ በጣታቸውም አልነኩትም። መጽሐፉን ከኑኃሚን ወስደው ፈቱት፣ ወረቀቶቹን በቦታቸው አስገቡና መነጽራቸውን ለእትዬ ማሚቴ ሰጥተው ራሳቸው እንዲያነቡት ጠየቁ። እትዬ ማሚቴ ፊደሉን በጣት እየተከተሉ፣ "አባሉ በሞት ሲለይ የሚስቱ አባልነት እንደነበረ ይጸናል" ብለው አነበቡ። እንደገና አነበቡት። ሻምበል ቁልፉን በሁለት እጃቸው አንሥተው ሰጧቸው፤ እሳቸውም ወደ መቀነታቸው መልሰው አሰሩት፤ ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ ብለውም ወጡ።

"ሻምበል፣ ያደባለቅኩት እኮ እኔ ነኝ" አለች ኑኃሚን።

"አውቃለሁ። አንቺ ነገም ከዚህ ሠፈር ሥራ ትፈልጊያለሽ። እኔን ከጡረታ የሚያባርረኝ የለም።"

ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ሲቀመጡ ሽማግሌ መሆናቸው ታያት፤ ጥቂት ቆይቶም አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወደቀ። ኑኃሚን ከረቡዕ ጀምሮ የተመኘችው ጸጥታ ይኸው መጣላት። ገና ሰማንያ መጽሐፍ ይቀራታል፤ ስቴፕለሩ በተመታ ቁጥር ደግሞ ጠረጴዛው ይጮኻል። ነጠላዋን አጥፋ ከስቴፕለሩ ሥር አነጠፈችና፣ የየገጹን ቁጥር በከንፈሯ እየቆጠረች፣ እንዳይነቁባት ቀስ አድርጋ መምታቷን ቀጠለች።