ለቱሉ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሌላው አገር በወርቁ፣ በወንዙ፣ በጀግናው ይኮራል፤ እኛ የሮቤ ሰዎች የምንኮራው በብርዳችን ነው። እንግዳ ከአውቶቡስ ወርዶ ጥርሱ ሲንገጫገጭ እያየን «ይቺማ ምን አላት፣ ሐምሌን ባየህ!» ስንለው፣ ብርዱን ራሳችን የሠራነው ይመስለናል። ሙቀት የቆላው፣ የደሎ መና ሰው ጣጣ ነው። ሮቤ ተቀምጦ «ሞቀኝ» ያለ ሰው ወይ ታሟል ወይ ጠጥቷል።

ስለዚህ ባለፈው በጋ ሙቀቱ እኛው ድረስ ሲመጣ፣ እንደማያውቁት ዘመድ ፊታችንን አዙረን ልናልፈው ሞከርን። በከተማችን ዙሪያ ያለው የሲናና ማሳ ተሰነጣጥቆ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ቀትር ላይ ቋ ቋ እያለ፣ ሹራቡን ያወለቀ ሰው አላየሁም። የሥራ ባልደረባዬ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ እያየሁት «የጉንፋን ላብ ነው» አለኝ። እኔም «እግዚአብሔር ይማርህ» አልኩት፤ የኔም ጉንፋን ጀርባዬን እያራሰው ነበርና።

ጭሱ ሲጨመርበትማ አታንሱት። ከሃረና ወዲህ ጫካው እየነደደ ነው የሚል ወሬ ነበር፤ አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ ከተማው ነጭ ለብሷል። «ጉም ነው» ተባባልን። ጉም እናውቃለን፤ ጉም የኛው ነው። እርግጥ ይኼኛው ጉም ዐይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ የተሰጣ ልብስ ላይ ጥቁር ነገር ይጥላል። በሦስተኛው ቀን ከጎረቤቴ ጋር አጥር ላይ ቆመን፣ እየተሳሳልን፣ «ዘንድሮ ጉሙ ደረቅ ነው» ብለን ተስማማን። መስኮቱን ስትዘጉት ሙቀቱ ይቀቅላችኋል፣ ስትከፍቱት ጉሙ ያጥናችኋል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኼ ነው።

አሁን ስለ ቱሉ ልንገራችሁ። ቱሉ የባለቤቴ የአስናቀች ታላቅ ወንድም ነው። ከጎባ በላይ፣ ተራራው ሥር፣ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ከሚጀምርበት ዳር ቤቱን ሠርቶ ንብ ያረባል። እሱና እኔ ዓመት ሙሉ እሳትና ጭድ ሆነን ከርመናል። ጥፋቱ የኔ ነው። ልጄን ስድር፣ እንደ አገሩ ወግ ከሁሉ ቀድሞ መመረቅ የሚገባውን የእናት ወንድም፣ ከድምፅ ማጉያው ጀርባ አስቀመጥኩት። ምርቃቱን ጀመረ፤ ከራሱ በቀር ማንም አልሰማውም። ምግቡን ሳይነካ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። አሁን ደግሞ ልጃችን የመጀመሪያዋን አርግዛለች፤ አስናቀችን የወንድሟ ምርቃት ሳይኖር የሚወለድ ልጅ አስፈርቷታል። እኔ እንዲህ ባለ ነገር አላምንም። ማታ ማታ ግን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ጉሙ በመጣ በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስልኬ ጮኸ። የቱሉ ጎረቤት ሐጂ ኡስማን ናቸው። መስመሩ ይቆራረጣል።

«ቱሉን ኣሬራ!» አሉ፤ «ቱሉን ኣሬራ! ደፋ ኮታ!»

ተቋረጠ። እንግዲህ እኔ ሮቤ ተወልጄ ሮቤ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በኦሮምኛዬ ማንም አይመጣብኝም። «ቱሉ ተቆጥቷል፣ ቶሎ ኑ» ማለታቸው ነው። ለአስናቀች ነገርኳት።

«ዓመት ሙሉ ተቆጥቶ ሲኖር ያልደወሉ ዛሬ የደወሉት በከንቱ ነው?» አለች። «ሊረግመን ነው! ምን ቆመህ ታየኛለህ፣ ሽማግሌ ሰብስብ!»

ሰበሰብኩ። ጡረተኛውን መምህር አቶ ደምሴን፣ ከሰፈራችንም ሁለት የተከበሩ አዛውንቶችን ይዤ፣ ሚኒባስ ተኮናትሬ ጎባን አልፈን ወጣን። መንገዱ ሲያበቃ በእግር። ሽማግሌ ለእርቅ ሲሄድ ጋቢ ይለብሳል፤ ሦስቱም ባለ አራት እጥፍ ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ተከናንበዋል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። አቶ ደምሴ ፊታቸው በርበሬ መስሎ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ሲወጡ አሳዘኑኝና «ጋሼ፣ እስክንደርስ እንኳ ያውልቁት» ብላቸው፣

«ጋቢውን አውልቆ ይቅርታ የሚለምን ሽማግሌ የት አይተህ ታውቃለህ?» ብለው ተቆጡኝ።

ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ነጩ ነገር እየወፈረ ሄደ። ከአዛውንቶቹ አንዱ አፋቸውን ሸፍነው «ጉሙ በረታ» አሉ። በረታ፣ በረታ ተባባልን።

ቱሉ ደጁ ላይ ነበር። ፊቱ ጠቁሯል፣ ዐይኑ ደም መስሏል። ቁጣ ሰውን እንዲህ ሲያጠቁር አይቼ አላውቅምና ከአቶ ደምሴ ጀርባ ቆምኩ። ሽማግሌዎቹ በወጉ ተደርድረው ቆሙ፤ አቶ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጃችን ቱሉ፣ መቆጣትህን ሰምተን መጥተናል። ይቅር ካላልክ አንቀመጥም።»

«ማነው ቁጭ በሉ ያላችሁ!» አለ ቱሉ። «ተራራው እየነደደ ነው!»

ከጀርባው ሐጂ ኡስማን በከዘራቸው ወደ ላይ እየጠቆሙ «ቱሉ! ቱሉ እኮ ነው ያልኩት!» ብለው ጮኹ። ቀና ስንል ነበልባሉ ከአስታው በላይ ታየን።

ለማታውቁ ላስረዳ። በኦሮምኛ ቱሉ የሰው ስም ነው፤ ተራራም ቱሉ ነው። ኣሬራ ማለት ተቆጥቷል ነው፤ ጨሷልም ኣሬራ ነው። ሐጂ ተራራው ጨሰ ብለው የድረሱልን ጥሪ ቢያሰሙኝ፣ እኔ አማቼን የሚለምን ሽማግሌ ጭኜ ወጣሁ። ጭሱን እንዴት አላሰብከውም ትሉኝ ይሆናል። ሦስት ቀን ሙሉ ጉም ነው እያልኩ የከረምኩ ሰው፣ በምን ጆሮዬ ጭስ ልስማ?

አስታ እርጥቡም እንደ ጧፍ ነው የሚነደው። እሳቱ ወደ ቀፎዎቹና ወደ ቤቱ እየወረደ ነበር። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ አቶ ደምሴ ጋቢያቸውን ከቤቱ ዳር ባለው ምንጭ ውስጥ ነክረው ሣሩን ሲደበድቡ ብቻ አየሁ። ሁለቱ አዛውንቶችም ተከተሏቸው። እኔ ኮቴን አወለቅሁ፤ በዚያ በጋ ከሮቤ ሰው ልብሱን ያወለቀ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። ጎረቤቱ ሁሉ በቅጠልና በጄሪካን ተረባረበ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እሳቱ ከአጥሩ ዳር ቆመ።

ቤቱ ተረፈ። ከቀፎዎቹ ግማሾቹ ነደዱ። ቱሉ ከሰል ከሆነው ቀፎ አጠገብ ቆሞ፣ የተረፉት ንቦች መግቢያ ፍለጋ ሲዞሩ ያያል። አዘንኩለት። ያንን ሰው ድምፅ ማጉያ ጀርባ ማስቀመጤ የእውነት ያሳፈረኝ ያን ጊዜ ነው። ሄጄ «በድዬሃለሁ» አልኩት።

እኔን አልፎ ለሽማግሌዎቹ ውሃ አቀረበና ሁሉንም በየተራ ቃኛቸው።

«እንግዲህ ተራራውን አስታርቃችሁታል፤ እግዜር ይስጣችሁ» አለ። «የኔው ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል የተናቀ ሰው ነው። በወጉ ተመለሱና ለምኑኝ።»

አቶ ደምሴ እጃቸው ላይ የቀረውን ጥቁር ቡትቶ ወደ ላይ አንስተው አሳዩት።

«ልጄ፣ ሽማግሌ ያለ ጋቢ እንዴት ይመጣል?»

ቱሉ ቡትቶውን አየ። ወደ ቤት ገባ። ሲወጣ የራሱን ጋቢ ይዟል፤ ዘርግቶ በአቶ ደምሴ ትከሻ ላይ ጣል አደረገላቸውና ጫፉን አስተካከለላቸው።

«ይኼን ለብሰው ይምጡ» አላቸው። «ሐሙስ ቤት ነኝ። እንዳትቀሩ።»