የረቡዕ ምዕራፍ

አፈወርቅ በየማለዳው ዳዊቱን ደግሞ ሲጨርስ ማኅደሩን አይዘጋም። እጁን መልሶ ይሰድና ሌላ ቀጭን መጽሐፍ ያወጣል፤ በአርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት የታወጀውን የተሻሻለ ሕገ መንግሥት። ከደጁ ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ አንድ ምዕራፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ዳዊት በየዕለቱ እንደሚከፈል፣ እሱም መጽሐፉን ለሳምንቱ ቀኖች አከፋፍሎታል።

የትም አገር ቢኬድ እንዲህ ያለ ሰው አንድ አይጠፋም። አንዱ መንደር ሕልም ፈቺ አለው፤ አንዱ ደግሞ ስለ በሽታው ከታማሚው የበለጠ የሚያውቅ ጎረቤት። ጓሳ ከተባለው የወል የሣር ምድር ሥር ላለችው ለዚህች የመንዝ መንደር የደረሳት ግን ባለ ምዕራፉ አፈወርቅ ነው፤ ለርስት ክርክር ደብረ ብርሃን ወርዶ፣ ክርክሩን ተረትቶ፣ መጽሐፉን ገዝቶ የተመለሰ። "ይህ በየትኛው ምዕራፍ ነው?" ሳይል የሚያልፈው ነገር የለም። ስለ ዝናብ እንኳ ይጠይቃል።

አጥር ለአጥር የሚጎራበቱት የጓሳ ጠባቂዎች አለቃ ባላምባራስ ክንፈ፣ ሳይወዱ በግድ መጽሐፉን በቃላቸው ያዙት። ሰኞ የአገሩና የዘውዱ ምዕራፍ ነው፤ አፈወርቅ ደረቱን ነፍቶ ይውላል። ማክሰኞ የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን ነው፤ በዚያ ቀን ሹም የተናገረውን ሁሉ ስለሚቀበል፣ ባላምባራስ ከእሱ የሚፈልጉት ነገር ካለ ማክሰኞን ይጠብቃሉ። ሐሙስ የሚኒስትሮች፣ ቅዳሜ የዳኞች ነው። ዐርብ የምክር ቤቶች ነው። አንድ ዐርብ ባላምባራስ በአጥሩ በኩል አፈወርቅ ከሚስቱ ጋር ስለ ሙክት ሲከራከር ሰምተዋል።

"ይዘንጋሽ፣ ሁለት ምክር ቤት ሳይስማማ እኮ አይወሰንም።"

"አንዱ እኔ ነኝ፣ ሁለተኛው እናቴ ናት። ተስማምተናል። ሙክቱን ይዘህ ገበያ ውጣ!"

መጽሐፉ ስምንት ምዕራፍ ሆኖ ሳምንቱ ሰባት ቀን ብቻ በመሆኑ፣ እሑድ የገንዘቡን ምዕራፍና የመጨረሻውን ልዩ ልዩ ጉዳይ ደርቦ ያነባል። ድምፁ ስለሚዝል ያን ቀን ማንንም አያስቸግርም።

ረቡዕ ግን የሕዝብ መብትና ግዴታ ነው። ረቡዕ ባላምባራስ በአፈወርቅ ደጅ አያልፉም፤ በገደሉ በኩል ይዞራሉ።

ምክንያት አላቸው። ጓሳ በተዘጋበት ዘመን ሣሩን ማጨድም ከብት ማስገባትም ክልክል ነው፤ ይህን የጣሰ ሰው፣ ጓሳ ሲከፈት ለቤቱ ክዳን ሣር አያገኝም። ባለፈው መስከረም የአስካለ ማርያም በጎች ጓሳ ውስጥ ታዩ ተባለና ባላምባራስ ሣር ከለከሏት። ባሏ የሞተባት፣ ጣራዋ የዘመመ ሴት ናት። ውሳኔው በሕዝቡ ፊት የተነገረበት ቀን ረቡዕ ነበረ።

"ሴትዮዋ ተሰማች?" አለ አፈወርቅ ከሕዝቡ መካከል ተነሥቶ።

"ምን ብላ ትሰማ? ደንቡን ያወጣሁ እኔ፣ ጠባቂ የላክሁ እኔ፣ የፈረድሁ እኔ!"

"እሱማ ነው ችግሩ፣ ባላምባራስ። መጽሐፉ ሦስቱን ሥራ ለሦስት ቤት ያካፈለው ሹም ሁሉ ክፉ ነው ብሎ አይደለም። ደግ ሹምም የሚቸኩልበት ቀን አለ ብሎ ነው።"

"ይህ በየትኛው ምዕራፍ ነው?" አሉ ባላምባራስ፣ በራሱ አነጋገር።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አፈወርቅ ተቀመጠ። ባላምባራስ ግን ከዚያ ወዲህ የጓሳ ዳኝነት ሁሉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንዲሆን አዘዙ፤ በገንዘቡ ቀን።

በታኅሣሥ አንድ እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ፀሐይ እየሞቀ ሳለ፣ የባላምባራስ ምክትል ብሩ ተነሣ።

"የባላምባራስን ፈረስ ሐሙስ ማለዳ ጓሳ ውስጥ አየሁት" አለ።

ሁሉም ባንዴ ተንጫጫ። ደንቡ ደንብ ነው! ሹመቱን ያስረክቡ! ሣርም አያገኙም!

ባላምባራስ ያለፈውን ክረምት ጣራቸው እያፈሰሰ፣ አልጋቸውን ከጥግ ወደ ጥግ ሲያዞሩ ነው የከረሙት፤ ያ ጣራ ሌላ ክረምት አይችልም። የከፋው ደግሞ፣ ለሐሙስ አጥቢያ ሌሊት ፈረሱ ገመዱን በጥሶ መውጣቱን ማወቃቸው ነው። የት እንዳደረ ግን አያውቁም። ዓይናቸው አፈወርቅን ፈለገ። አፈወርቅ ግንቡን ተደግፎ፣ ሰባተኛውን ምዕራፍ ገልጦ፣ ስለ ገንዘብ ያነባል። እሑድ ነው። ቀኑን የመረጡት ራሳቸው ናቸው።

አፈወርቅ ቀና ብሎ አያቸው። ጣቱን በምራቁ አራሰና ገጹን ወደ ኋላ ይገልጥ ጀመር።

"አፈወርቅ፣ ዛሬ እኮ እሑድ ነው" አሉ የደብሩ አለቃ አባ ወልደ ጻድቅ፣ ሳቃቸውን እየዋጡ።

"አውቃለሁ አባቴ፤ ንስሐ እገባበታለሁ። የባላምባራስ ጣራ ግን እሑድም ያፈሳል።" ወደ ሕዝቡ ዞረ። "የተከሰሰ ሰው እስኪረጋገጥበት ድረስ ጥፋተኛ አይባልም። ምስክሩም ፊት ለፊቱ ይጠየቃል። ብሩ፣ የፈረሱ መልክ ምን ነበር?"

"አምባላይ! የባላምባራስን ነጭ ፈረስ የማያውቅ ማን አለ?"

"ከየት ሆነህ አየኸው?"

"ከማዶ፣ ከሸንተረሩ።"

"ጉም ነበረ?"

"ጓሳ መቼ ጉም አጥቶ ያውቃል?"

"ታዲያ ጉሙ ራሱ አምባላይ አይደል!" አለች አንዲት ከሴቶቹ በኩል፤ ቅጽሩ በሳቅ ተናጋ።

"እስቲ አምባላይ ፈረስ ያለው እጁን ያንሣ" አለ አፈወርቅ።

አራት እጅ ተነሣ። አንደኛው የብሩ ወንድም ነበረ። ብሩ ገላመጠው፤ እጁ ግን አልወረደም።

አባ ወልደ ጻድቅ ከመንደሩ ሽማግሎች ጋር ጥቂት ተንሾካሾኩና፣ "አልተረጋገጠም" አሉ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባላምባራስ የአፈወርቅን ክንድ ያዙ።

"እውነቱን ልንገርህ። ያን ሌሊት ገመዱ..."

"ለእኔ አይንገሩኝ፤ ለነፍስ አባትዎ ይንገሩ።" ጥቂት እንደ ሄዱ አፈወርቅ ቆመ። "ይልቅስ ባላምባራስ፣ የአስካለ ማርያም በጎች መልካቸው ምን ነበር ተባለ?"

ባላምባራስ መንገዱን በከዘራቸው ቆረቆሩ።

"ነጭ።"

"ጉም ነበረ?"

"ጓሳ መቼ ጉም አጥቶ ያውቃል" አሉ፣ ቀስ ብለው።

በሚቀጥለው እሑድ አስካለ ማርያም ተሰማች፤ ሣሩም ተፈቀደላት። ዳኝነቱን ባላምባራስ ለሽማግሎቹ ለቀቁ፤ ጥበቃው ብቻ ቀረላቸው። አሁን ረቡዕ በገደሉ በኩል አይዞሩም። አጥሩን ተደግፈው ያዳምጣሉ፤ አፈወርቅ አንድ ቃል የዘለለ እንደ ሆነ፣ "አንተ፣ ዘለልክ እኮ!" ብለው ይቆጡታል። እሱ ታሞ የተኛ ጊዜ ማለዳው ጭር ቢልባቸው፣ የዕለቱን ምዕራፍ በቃላቸው ከአጥሩ ማዶ ደገሙለት።

በየካቲት ጓሳ ተከፈተ። የባላምባራስ ጣራ ሲከደን፣ ሣሩን ከታች እያሰረ የሚያቀብለው አፈወርቅ ነበረ። ቀኑ ረቡዕ ስለ ነበረ በየነዶው መብትና ግዴታ ተጠቀሰና ሥራው እስከ ማታ አላለቀም፤ ሐሙስ ቀጠሉ።