እትዬ ደስታና የመኮንኑ ቡና

ቡና ሲቆሉ ንጉሥ ቢያልፍ ቀና የማይሉ ሰዎች አላጋጠሟችሁም? እኔ አንዷን አውቃለሁ፤ በጣሊያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ጎረቤቴ የነበሩትን እትዬ ደስታን። ደጃቸው ላይ በሦስት ድንጋይ ላይ የብረት ፍርግርግ አጋድመው፣ ምጣዳቸውን ጥደው ይቆላሉ። ያን ጊዜ ሰላም ቢሏቸው መልስ የለም። ማማሰያቸውንማ ማን ይነካል!

አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ አንድ የጣሊያን መኮንን ከአስተርጓሚው ጋር ከተፍ አለ። ቤት ውስጥ እግሩን የቆሰለ አርበኛ ወንድማቸው ተኝቷል።

«ቤቱን እፈትሻለሁ ይላል» አለ አስተርጓሚው።

«ይፈትሽ፤ ማን ከለከለው? ግን ቡናው ሊያርብኝ ነው። ሲኒ እስካመጣ ያገላብጥልኝ በለው» ብለው ማማሰያውን ዘረጉለት።

ለሰው ሲሰጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መኮንኑ ሽታው አማልሎት ኖሮ እየሳቀ ተቀበለ። እጅጌውን ሰብስቦ፣ ላብ እስኪያጠምቀው ቆላ። በጦር ሜዳስ እንዲህ ተግቶ ያውቅ ይሆን? እትዬ ደስታ ወንድማቸውን ደግፈው በጓሮ በኩል ወደ እኔ ቤት አሻገሩና ሲኒ ይዘው ተመለሱ። ምጣዱን ሲያዩ ጮኹ።

«አሳረረው! ከሰል አደረገው! ምነው፣ እናት አላሳደገችውም?»

አስተርጓሚው ሲነግረው መኮንኑ ፊቱ ቀልቶ ይቅርታ ጠየቀ። ቤቱንም ፈተሸ፤ ምንም አላገኘም።

ወንድማቸው ድኖ ወደ ጫካ ተመለሰ። እኛ ጀግንነታቸውን ስናወድስ እርሳቸው ግን ከልባቸው ያዝኑ ነበር።

«እሱስ ማርያም አተረፈችው» ይላሉ። «ያን የመሰለ ቡና ግን!»