ኖራ የቀባሁት ስንጥቅ

ቅናት ኃጢአት ነው ይላሉ። እኔም በየእሁዱ እሰማዋለሁ። ግን ጎረቤትህ አዲስ ቤት ሲደርሰው አንተ ምን ትሆናለህ? እስቲ እውነቱን ንገረኝ። እኔ ተቃጠልኩ! ሦስት ቀን እህል አልወረደልኝም።

እኔና አቶ ዳንጊሶ ሶዶ ውስጥ፣ ዳሞታ ተራራ ግርጌ አጥር ለአጥር ነበርን። የሁለታችንም ቤት የጭቃ ነበር። ክረምት ላይ መሬቱ ሲንሸራተት የሁለታችንም ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ የእኔማ እጅ ያስገባል። ጊፋታ ደረሰ። በዘመን መለወጫ እንግዳ በተሰነጠቀ ግድግዳ ይቀበሏል እንዴ? ጭቃ አቡክቼ መረግሁ፣ ኖራ ቀባሁ፣ ቤቴ ሙሽራ መሰለ። ዳንጊሶ? እሱማ ተጋድሞ ሬዲዮ ይሰማል።

በበዓሉ ማግስት የቀበሌው ኮሚቴ መጣ። ቤታቸው ሊወድቅ የተቃረበ ሰዎችን አደጋ ሳይደርስ መዝግቦ፣ ሜዳው ላይ በሚሠሩት አነስተኛ ቤቶች ሊያሰፍር ነው። የእኔን ግድግዳ ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ ሙያዬን አድንቀው፣ “ስጋት የለበትም” ብለው ጻፉ። ኧረ ከሥሩ ስንጥቅ አለ ብዬ ማልኩ። መሐንዲሱ ሳቀብኝ፤ ለቤት ብሎ የማይምል የለም አለ። ምርጊቱን ልፈንቅለው ብል፣ ራስህ አፈረስከው ሊሉኝ ነው። የዳንጊሶን ስንጥቅ ግን ፎቶ አነሱት።

ቆርቆሮው የሚያብረቀርቅ፣ መሠረቱ ድንጋይ የሆነ ቤት ደረሰው። ቁልፉን ሲቀበል እንኳን ደስ ያለህ አልኩት፤ አንጀቴ እያረረ።

የበልግ ዝናብ ሲመጣ ግድግዳዬ ከነኖራው ተደረመሰ። ታጥቦ ጭቃ! ደግነቱ እኔም ባለቤቴም ገበያ ነበርን። ማን አስጠጋን? ዳንጊሶና ሚስቱ አማረች! ያውም ደህናውን አልጋ ለቀውልን። እኔ ደግሞ አልጋው ላይ ጋደም ብዬ ጣሪያቸውን እያየሁ ቀናሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

እራት ላይ አማረች ጉዷን አወጣችው። ለካ በጊፋታ ሰሞን በእኔ ኖራ ስትቃጠል ነው የከረመችው! የጎረቤትህን ሙያ አታይም ወይ፣ አንተስ ወንድ አይደለህም ወይ እያለች ባሏን መቆሚያ መቀመጫ አሳጥታው ነበር። እሱ ግን ከተጋደመበት ንቅንቅ አላለም።

እኔ በሳቅ ሞትኩ። ባለቤቴ አልሳቀችም። አንዴ አዲሱን ግድግዳ፣ አንዴ ዳንጊሶን፣ አንዴ እኔን አየችና በረጅሙ ተነፈሰች።

“ምነው ለእኔም ሰነፍ ባል በሰጠኝ!”